ያልደረስኩት ለቅሶ

ሰነፍ ሰው ዕረፍት ያለው ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ዓመት ደክሜ አላውቅም፤ የደከምኩትም አንድ ለቅሶ ላለመድረስ ነው። ሄጄ፣ አልቅሼ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ፣ ንፍሮዬን ቅሜ ብመለስ የአንድ ቀን መንገድ ነበር። ላለመሄድ ግን ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረው። አሁን እንኳ ሳስበው ይደክመኛል። ስለዚህ ተቀምጬ ነው የማወራችሁ፤ እናንተም ተቀመጡ።

ያን ጊዜ አርብ ገበያ በምትባል ከተማ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ጃንሆይ በዙፋናቸው፣ እኔ በስፌት መኪናዬ ፊት፣ ሁለታችንም ተደላድለን ተቀምጠን ነበር። ዓርብ ገበያው ሲቆም ሰው ከየገጠሩ በእግሩም፣ በአህያውም ይጎርፋል። ገብሱን ሊሸጥ ሲያልፍ የተቀደደ ሱሪውን በረንዳዬ ላይ ይጥልና «እስክመለስ ጥፈህ ጠብቀኝ» ብሎኝ ይሄዳል። ሥራዬን እወደው ነበር፤ ከሰው ጋር መጫወትማ ከሥራዬም በላይ እወድ ነበር። ይህን የምላችሁ፣ በተፈጥሮዬ የምደበቅ ሰው እንዳልነበርኩ እንድታውቁልኝ ነው።

ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወዲያ ባለች መንደር፣ ደምሌ የሚባል አበልጅ አለኝ። የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት እኔ ነኝ። ከአበልጅነታችን በፊት ግን የእናቱ እንጀራ ነው ያገናኘን። ጎረምሳ ሳለሁ ስፌት ልለምድ ወገዳ ስከርም የማድረው እሳቸው ቤት ነበር። ገና ወጣት መበለት ሳሉ ቆብ ደፍተው የመነኮሱ ሴት ናቸውና እማሆይ ነበር የምላቸው። በልተሃል ወይ ብለው አይጠይቁም፤ ዝም ብለው ያቀርባሉ። በሕይወቴ መጀመሪያ የሰፋሁት ልብስ የእሳቸው ቀሚስ ነው። አንዱ እጅጌ ካንዱ በስንዝር ያጥር ነበር። እኔ ላብ ሲያጠምቀኝ እሳቸው ለበሱትና አጭሩን እጅጌ ዐይተው፣ «ይኸኛው እጄ ሥራ ይበዛበታል፤ ማጠሩ ይሻለዋል» አሉኝ። እስኪያልቅ ድረስም ለበሱት።

እኒህ እማሆይ ሲያርፉ እኔ እስቴ ነበርኩ። የአንድ ባላባት ልጅ ሠርግ ነበርና የሠርገኛውን ልብስ ልሰፋ ሄጄ ነው። መርዶው አርብ ገበያ ሲመጣ እኔ የለሁም፤ እኔ ስመጣ ደግሞ ቀብሩም፣ ሣልስቱም አልፏል። ባለቤቴ አለሚቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ነገረችኝ። ጓዜን ሳላወርድ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ አላለቀስኩም። እንዲያው ጆሮዬ ጭው አለ።

«ነገ ማልደህ ሂድ» አለችኝ።

«እንዴታ!» አልኳት።

በነጋታው ግን ብቻዬን ከምሄድ ለሰባቱ ከጎረቤት ጋር ብሄድ ይሻላል አልኩ። ለሰባቱ የተዋስኩት በቅሎ ደግሞ አነከሰ። ይህን ስሰማ ሳላስበው «እግዜር ይመስገን» አልኩ። አያችሁ፣ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በጎረቤቱ በቅሎ ማነከስ ፈጣሪውን የሚያመሰግን ሰው፣ ያኔውኑ ራሱን መጠርጠር ነበረበት።

አለሚቱ ግን በቅሎ አልጠበቀችም። ነጠላዋን ታጥቃ ከሰፈር ሴቶች ጋር በእግሯ ሄደች። ከሁለት ቀን በኋላ ስትመለስ ፊቷ ጥሩ አልነበረም።

«ምን ልበላቸው? ሁሉም እየከበበ ‹እሱሳ? እሱሳ?› ይለኛል። ደምሌ ዐይን ዐይኔን ያየኛል። ጨነቀኝና አሞታል አልኩ። ምኑን አሉኝ፤ ጎኑን አልኩ።»

«የቱን ጎኔን?»

«ግራውን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ ጎኔን ያዝኩ።

ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው «ታዲያ ሌላ ቀን አትሄድም ነበር?» ይለኝ ይሆናል። የዘገየ ለቅሶ እንዴት እንደሚደረስ ስለማያውቅ ነው። በጊዜው የደረሰ ሰው ከብዙ ሰው ጋር ይጮኻል፤ ማን ምን ያህል እንዳለቀሰ የሚያይ የለም። የዘገየ ግን አጥሩ ማዶ ሲደርስ ብቻውን ድምፁን ከፍ አድርጎ እያለቀሰ መግባት አለበት። የቤቱ ሰው ሥራውን ጥሎ ይወጣል፣ ጎረቤቱ በአጥር ላይ አንገቱን ያሰግጋል። ደግሞ በዘገየ መጠን ጩኸቱ መባሱ የግድ ነው፤ ስንት ወር የቀረ ሰው እንዴት በለሆሳስ ያለቅሳል? እኔ የራሴን በልቤ ሳሰላው፣ ለአርባው የምሄድ ከሆነ ገና ወገዳ ሳልደርስ መጮህ መጀመር ነበረብኝ። ድምፄ ደግሞ ቀጭን ነው።

አርባው መጣ፤ አርባው ሄደ። እኔ አርብ ገበያ ነኝ።

የዚህን ነገር ተንኮል ልንገራችሁ። «ዛሬ አልሄድም፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ይሁን» ያልኩ እንደሆነ ወዲያው ደረቴ ይከፈታል። እህል ይጥመኛል። አለሚቱን እንኳ አስቃታለሁ። በማግስቱ ግን ያው ፍርሃት ተመልሶ ደረቴ ላይ ቁጭ ይላል፣ ከትናንቱ ወፈር ብሎ። ባልሄድኩ ቁጥር የምቀልበው እኔው ነኝ። ይህን ደግሞ አውቀዋለሁ። ማወቄ ግን አንዲት እርምጃ አላስኬደኝም፤ ማወቅና መሄድ ለካ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

የከፋው ዓርብ ነው። ዓርብ የስማዳ ሰው ገበያ ይመጣል። መጀመሪያ የስፌት መኪናዬን ከበረንዳው አንስቼ ወደ ቤት አስገባሁ፤ ቀጥሎ ከቤት ወደ ጓዳ። አለሚቱ በረንዳ ላይ ሆና የደንበኞቹን ቁመትና ወገብ በክንዷ ትለካና ጓዳ ገብታ ትነግረኛለች። የእሷ ክንድ ከኔ መርዘሙን ያወቅነው አንድ ቦርጫም ግራዝማች የካኪ ኮታቸውን ለብሰው ለመቀመጥ ሲሞክሩ ነው። ቁልፎቹ አንድ ባንድ እየዘለሉ ሲወጡ ድምፃቸው ጓዳ ድረስ ተሰማኝ። ወጥቼ ይቅርታ እንዳልጠይቅ ታምሜአለሁ። ግራዝማች ከዚያ በኋላ ሰፊ ቀየሩ፤ ሌላውም ተከተላቸው።

ከዚያማ ነጭ የለበሰ ሁሉ ደምሌ ሆነብኝ። ውሻ ከጮኸ፣ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ግራ ጎኔን ይዤ እተኛለሁ። በመኸር ጊዜ አንድ ቀን አውድማ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ቁልቁለቱን ሲወርድ አየሁ። አላሰብኩም፤ ገብስ ክምር ውስጥ ገባሁ። ሰውየው መጥቶ ከክምሩ ፊት ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። የአለሚቱ አባት፣ አማቴ ናቸው።

«ምን ሁነህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ጎኔን ሲወጋኝ ሙቀት ይሻለዋል ብዬ ነው አባባ።»

«ጭንቅላትህን ጨምረህ?»

ገለባውን ከጠጉሬ ላይ እየለቀሙልኝ ወደ ቤት ወሰዱኝ። ለአለሚቱ ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ እሷ ግን ገና በጠራራ ፀሐይ ማልቀስ ጀመረች።

«ደክሞኛል» አለችኝ። «ገበያው እኔ፣ ውሸቱ እኔ። ሂድና ገላግለኝ! ሰው እኮ ነው ደምሌ፣ አይበላህም።»

ቢበላኝ ይሻለኝ ነበር። ደምሌ አሳዘነኝ እንጂ መቼ ክፉ ነገር አሰበ። በየዓርቡ «የአበልጄ ጎን እንዴት ሆነ?» እያለ ሰው ይልካል። አንዴ ማር ላከ። አንዴ ራሱ ቤተ ልሔም ደብር ድረስ ተጉዞ ያስቀዳውን ጠበል በቅል ሰደደልኝ። በሐዘን ላይ ያለ ሰው፣ ጠጉሩን እንኳ ያልተላጨ ሰው፣ ለኔ ጎን ደብር ለደብር ይዞራል። ጠበሉን ጠጣሁት። ዛሬ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ ብዬ ተነሣሁ፤ ጫማዬን አጠለቅሁ፤ ከዚያ «ማሩንስ ምን እለዋለሁ?» የሚል ሐሳብ መጣና መልሼ አወለቅሁ። ደግነቱ በበዛ ቁጥር መንገዱ ረዘመብኝ።

ከማሩና ከጠበሉ ቀጥሎ የመጣው ሰው ነው። አንድ ቀን ከል የመሰለ ጠቆር ያለ ሰውዬ ቀንዶችና ምላጭ በአቁማዳ ይዞ ገባና «ዋግምት አጋሚ ነኝ፤ ደምሌ ልኮኝ ነው፤ የእጄንም ሰጥቶኛል» አለ። እንዴት አድርጌ እምቢ ልበል? ግራ ጎኔን በምላጭ በጣጥሶ ቀንዱን ለጠፈበትና እየመጠጠ ደሜን አወጣው። ደሙን ዐየት አድርጎ፣ «ይኸውላችሁ፣ ጥቁር ነው፤ ቆይቶበታል» አለ። ሰውየው ሲሄድ ጎኔን እውነት አመመኝ። በዚያ ዓመት እውነት የተናገርኩት ያን ሰሞን ብቻ ነው።

እናንተ፣ ጤነኛ ሆኖ መታመም ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ። የታመመ ሰው ይተኛል፣ ያቃስታል፣ አለቀ። ጤነኛው በሽተኛ ግን የትኛው ጎኑ እንደሆነ ማስታወስ አለበት፣ ርቦት መብላት የለበትም፣ ማስነጠስ እንኳ በልክ ነው። ከስቼ ነበር። ሊጠይቁኝ የሚመጡት ጎረቤቶች «አይ፣ ይኸ ሰው አይተርፍም» የሚል ፊት ይዘው ይወጣሉ።

በመጨረሻ ደምሌ «እኔው ራሴ መጥቼ ልየው» ብሎ ላከ። ያን ጊዜ ነው ከሁሉ የባሰውን ጅልነት የሠራሁት። «መንገድ የመጣ፣ ፀሐይ የሞቀ ሰው እንዳያየው ባለመድኃኒት ከልክሏል በሉት» አልኩ። ክልከላው በአገራችን ያለ ነው፤ ማንም አይጥሰውም። ነገር ግን ፀሐይ የሞቀ ሰው እንዳያየው የሚከለከል ሕመምተኛ አንድ እግሩ መቃብር ውስጥ ያለ ነው። እኔ በር የዘጋሁ መሰለኝ፤ ስማዳ ላይ ግን መገነዣዬ መታሰብ ጀመረ።

እንዲህ እያለን ጎረቤታችን፣ አንድ ሽማግሌ፣ ዕድሜ ጠግበው ሐሙስ ዕለት ዐረፉ። ግቢያቸው ጠባብ ስለሆነ ዳሱ እኛ ደጃፍ ላይ ተጣለ። ዓርብ ተቀበሩ። እኔ በሽተኛ ነኝና ቤቴ ተኝቼ፣ የጎረቤቴን ለቅሶ በግድግዳ ቀዳዳ አየሁ። አለሚቱ ደግሞ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዐይኗ አብጦ፣ በዳሱና በቤታችን መካከል ስትመላለስ ዋለች።

አንድ የስማዳ ሰው በዚያች ሰዓት ከገበያ ሲመለስ አህያውን እየነዳ በላይኛው መንገድ አለፈ። ቁልቁል አየ። የኔ ደጅ ዳስ ተጥሏል፤ የኔ ሚስት ነጠላ አዘቅዝቃለች፤ እኔ ደግሞ ፀሐይ የሞቀ ሰው እንዳያየኝ የተከለከልኩ ሕመምተኛ ነኝ። ማን ሞተ ብሎ ለመጠየቅ መውረድ አላስፈለገውም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አልጠይቅም። ቀኑ ሳይመሽበት አገሩ ለመግባት አህያውን ቸብ አደረገና መርዶዬን ይዞ ሄደ።

እሑድ ለሽማግሌው ሣልስት ሰፈሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ግቢው ጭር ሲል እኔ ወጣሁ። ስንት ጊዜ ጓዳ የተቀመጠ ሰው ፀሐይ ምን ያህል እንደሚናፍቀው አትጠይቁኝ። ባዶው ዳስ ውስጥ ገብቼ አግዳሚው ላይ ተንጋለልኩ። አጠገቤ የተረፈ ንፍሮ በገበታ ተቀምጦ ነበር። እየቃምኩ፣ ግራ ጎኔን ረስቼ፣ ለአንድ አፍታ ሰላም አገኘሁ።

ያኔ ከዳገቱ ላይ ለቅሶ መጣ። «ደግሞ ማን ሞተ?» አልኩ። ብዙ ናቸው፤ መቀነታቸውን የታጠቁ ወንዶች፣ ደረታቸውን የሚደቁ ሴቶች። አልቃሿ ከፊት ሆና ሙሾ ታወርዳለች፦

ሕመም ይዞት እንጂ አስሮት ከቤት ደጁ፣
እሱ መች ይቀራል ከለቅሶ ካበልጁ።

ንፍሮው አፌ ውስጥ ቆመ። ቀጥሎ የስፌት መኪናውን አነሣች፣ መቀሱን አነሣች፣ መርፌው እንኳ አልቀረ። ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። የሚለቀስልኝ ለኔ ነው፤ የቀረሁበትን ለቅሶ መልካም ስም አድርጋ ልትቀብረኝ ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት ነገር፣ እንደ ልማዴ፣ በጓሮ መሸሽ ነው። እግሬ እንዲያውም ቀድሞኝ ሁለት ርምጃ ሄዶ ነበር። ግን ደምሌን አየሁት። ከሁሉ ቀድሞ እየሮጠ፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ድንጋይ አደናቀፈውና በግንባሩ ወደቀ፤ ተነሣ፤ አፈሩን እንኳ ሳያራግፍ እንደገና ሮጠ። ጠጉሩ ጎፍሯል፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዷል። ይህ ሁሉ ጠጉር ለእማሆይ የበቀለ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እማሆይ መሞታቸውን ሰማሁ እንጂ አላየሁም ነበር። በሱ ጢም ላይ አየሁት።

ምን እንዳደረግሁ በደንብ አላስታውስም። «እማሆይን! እናቴን!» ብዬ ከዳሱ ወጣሁ። ድምፄ ቀጭን ነው ብያችኋለሁ፤ ያን ቀን ግን ቤተ ክርስቲያን ድረስ ተሰምቷል። እሱ እኔን እያለቀሰ ቁልቁል፣ እኔ እናቱን እያለቀስኩ ሽቅብ፣ ሮጥን። አልቃሿ ግጥሟን ከመካከሉ ቆርጣ አማተበች። ከለቀስተኛው ግማሹ ሟች እየጮኸ ሲመጣበት ነጠላውን እየጣለ ወደ ዳገቱ ፈረጠጠ።

«በንጉሥ አምላክ! ቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ። ሕግ ነውና ቆሙ፤ ግን ፊታቸውን አላዞሩም።

ደምሌ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ዳበሰኝ።

«አልሞትክም?»

«አልሞትኩም።»

«ጎንህስ?»

ይህችን ጥያቄ ነበር ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸኋት። አሁንም አንድ ውሸት ምላሴ ላይ ተዘጋጅታ ነበር፤ ጠበሉ ፈወሰኝ ልል እችል ነበር፤ ደስም ይለው ነበር። ደክሞኝ ተውኩት።

«ጎኔ ደኅና ነው። ዱሮም ደኅና ነበር።»

እጁን ከፊቴ ላይ አነሣ። ደምሌ ሜዳው ላይ ዝርግት ብሎ ተቀመጠና ወደ መሬት አየ። አበልጅነታችን እዚያ ሣር ላይ ያለቀ መሰለኝ።

«ታዲያ ምነው?» አለኝ። «ምነው አበልጄ?»

«መጀመሪያ ዘገየሁ። ከዚያ አፈርኩ። ከዚያ…» እንባዬ አላስጨርስ አለኝ። «እሳቸው የሌሉበት ቤት መግባት ፈራሁ።»

«እኔ እኮ እዚያው ነው የማድረው» አለኝ።

ተቆጥቶ አይደለም የተናገረው። ነገሩን ሲነግረኝ ነው። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ አልተነሣብኝም። አብረን አለቀስን፣ በዚህ ጊዜ ለእማሆይ ብቻ። የሸሹትም አንድ ሁለት እያሉ ተመልሰው ዳሱ ውስጥ ገቡ፤ መንገድ መጥተዋልና ርቧቸዋል። አለሚቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ግቢዋ በስማዳ ሰው ተሞልቶ፣ ባሏ ደግሞ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው። ምንም ሳትጠይቅ ነጠላዋን አደግድጋ ውኃ ልትቀዳ ወጣች።

በነጋታው ከለቀስተኞቹ ጋር ስማዳ ሄድኩ። የእማሆይ ቤት ሲታየኝ እንደ ወጉ ጮኽኩ። ሁለት ጎረቤቶች በአጥር ላይ ብቅ አሉ። «ደረሰ?» አለ አንደኛው። «ደረሰ» አለ ሌላው። ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዓመት ሙሉ የፈራሁት ይኸው ነበር። ከዚያ ቤት ገባሁ፤ የሳቸው መደብ ባዶ ነበር፤ ያ ግን ፈርቼው የነበረውን ያህል ከባድ ነበር፣ አልዋሻችሁም። በዚያው መደብ ግርጌ ተቀምጬ ዋልኩ፣ አደርኩም።

ስመለስ ደምሌ እስከ ወንዙ ሸኘኝ። ልንለያይ ትከሻዬን ስሞ፣ ጥቂት እንደ መሄድ አለና ዞር ብሎ፣

«በል እንግዲህ፣ የእውነት ስትሞት አትጠብቀኝ» አለኝ። «እኔ ያንተን ደርሻለሁ።»